ዓባይ ላይ የተነገረ መርዶ

የጉዞ ቢሯችን የነበረው ክፍል አሁን የስልክ መጠገኛ ሆኗል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ በአጠገቡ አለፍኩ። መስኮቱ ላይ ለብዙ ዓመት ተለጥፎ የኖረው የእስክንድርያ ባሕር ፎቶ ተልጦ፣ በቦታው የተሰነጠቀ ስልክ ምስል ተለጥፎበታል። አላዘንኩም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ሆኖም አልቆምኩም። ኮለምበስ በኅዳር ቆመው የሚተክዙባት ከተማ አይደለችም፣ ጉልበቴም ብርዱን አይችለውም።

ሰንበቴ ላይ "ፀዳለ፣ ጡረታ ወጣሽ አሉ፤ እንግዲህ ግብፅ የሚወስደን ማን ነው?" ይሉኛል። "ስልካችሁ ይወስዳችኋል" እላለሁ። የምሬን ነው። ዛሬ ሰው ሶፋው ላይ ተጋድሞ ትኬቱንም ሆቴሉንም መርከቡንም ራሱ ቡክ ያደርጋል፤ ፒራሚዱ ሥር ቆሞ ታሪኩን ጆሮው ላይ በሰካው ነገር ይሰማል። የእኔ ሥራ ግን ታሪክ መንገር ብቻ አልነበረም። ሰው አድርሶ ሰው መመለስ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጉዞ በልቤ የቀረው አንዱ ነው፤ እሱን ለመጻፍ ግን ከመነሻዬ መጀመር አለብኝ።

አሜሪካ የመጣሁት ባለቤቴ ዲቪ ደርሶት ነው። ልጅ አልሰጠንም። ኮለምበስ ኢስትሙር የሚባል ሰፈር አፓርትመንት ተከራይተን እሱ ፓርኪንግ፣ እኔ ኦቤትስ ያለ ዌርሃውስ ገባሁ። ሥራዬ ጫማ በካርቶን ማሸግ ነበር። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሬ ጠርታ ስልክ ሰጠችኝ። ከሆስፒታል ነው። የሴትዮዋ ድምፅ ለስላሳ ነበር፤ "አይ አም ሶ ሶሪ" አለችና ባለቤቴ ልቡ ቆሞ እንዳረፈ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ከኋላዬ የማሸጊያው ማሽን ይሮጣል። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። አልጮህኩም፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። "ታንክ ዩ" ብዬ ስልኩን መለስኩላት።

መርዶ እኛ ዘንድ እንዲህ አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይመጣል። ውሃ የሚይዝ አለ፤ ከጀርባ የሚደግፍ አለ፤ አፍ የሚከፍት አንድ ሽማግሌ አለ። በርሽን ከፍተሽ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ስታዪ ገና ሳይናገሩ ታውቂዋለሽ። ብትወድቂ መሬት ላይ አትወድቂም፤ ሰው ላይ ነው።

ለቅሶ ሊደርሱኝ ከመጡት መካከል ጋሽ ደምሰው የሚባሉ የጉዞ ቢሮ ያላቸው ሰው ነበሩ። ሲወጡ "አርባው ሲያልፍ ቢሮ ብቅ በይ" አሉኝ። ሄድኩ።

"ትጾሚያለሽ?"

"እጾማለሁ።"

"ሰው ሲነጫነጭብሽ ትቆጫለሽ?"

"አልቆጣም።"

"ብቻሽን ማደርስ ትችያለሽ?"

የለበስኩትን ጥቁር አየሁ።

"እንግዲያው ሥራው ያንቺ ነው" አሉ፤ ደመወዙ ከዌርሃውሱ ያነሰ ነበር።

ጋሽ ደምሰው በወጣትነታቸው ወደ ሌላ አገር የሚያሻግር ወረቀት ሲጠብቁ ካይሮ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ዳቦ ቤት ሠርተዋል፤ ዐረብኛውን እንደ ሰፈር ልጅ ነበር የሚያወሩት። ኮለምበስ ሲገቡ ያን የተንከራተቱበትን አገር እንጀራቸው አደረጉት። በየዓመቱ የጽጌ ጾም ሊያልቅ ሲል ምእመናንን ሰብስበው፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ተሰደደችበት አገር ይወስዳሉ። መጀመሪያ እስክንድርያ፣ ቅዱስ ማርቆስ የሰበከባት የባሕር ዳር ከተማ። ቀጥሎ ካይሮና ፒራሚዶቹ። ከካይሮ በአውሮፕላን ወደ ደቡብ አስዋን፤ ከአስዋን በመርከብ ዓባይን ተከትሎ ወደ ሉክሶር። በመጨረሻ በአውቶቡስ ደብረ ቁስቋም ገዳም፣ ኅዳር ስድስት ለበዓሉ። ሁሉም የሚጓዘው ለዚያች ለመጨረሻዋ ነው፤ የቀረውን የምናሳየው መንገድ ላይ ስለሆነ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሲሠሩ እያየሁ ነው። ለምሳሌ ሰው አይቆጥሩም ነበር። "ከብት ነው እንዴ?" ይላሉ። ለእያንዳንዱ ተጓዥ ዘመዱ ያልሆነ ጎረቤት ይመድቡለታል፤ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል "ጎረቤታችሁ አለ?" ብለው ይጮኻሉ። "አለ!" ይላል ሁሉም። ድምፅ የጎደለበት ወንበር ካለ እዚያ ሰው ቀርቷል ማለት ነው። ዘመድ ከዘመድ የማይመድቡት ዘመድ "ይመጣል፣ ሽንት ቤት ነው" ብሎ ስለሚሸፋፍን ነው።

እራት ላይ ደግሞ የሰውን ፊት ሳይሆን እግር ያያሉ። ጫማው ውስጥ ያበጠ እግር ካዩ፣ ያ ሰው ነገ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚደክመው ያውቁታል፤ ጠዋት ሳይናገሩ አጠገቡ ይሄዳሉ። ከፊት መሄድ አይወዱም። ሐውልት ፊት ስንደርስ መጀመሪያ ዝም ይላሉ። እኔ ያጠናሁትን ቶሎ ልተነፍሰው ስል ክንዴን ይዘው "ቆይ፣ ዓይናቸው ይጥገብ" ይሉኛል።

ፒራሚዶቹ ሥር የመጀመሪያውን ቃል የሚናገረው ሁልጊዜ ከተጓዦቹ አንዱ ነው። ኮለምበስ አጠገብ ሬይኖልድስበርግ የሚኖሩ፣ ታክሲ የሚነዱ ጋሽ በላቸው የሚባሉ ነበሩ፤ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀልሰው ብዙ ቆዩና "ይሄ ሁሉ ድንጋይ አንድ ሰው ለመቅበር?" አሉ።

"አዎ፣ አንድ ንጉሥ" አልኩ።

"እኛ የቤተ ክርስቲያናችንን ፓርኪንግ አስፋልት ማልበስ አቅቶን ስንት ዓመታችን! ኮሚቴ አልነበራቸውማ፤ ምስጢሩ እሱ ነው።"

የምግቡ ነገር ለብቻው ሥራ ነበር። ግብፆች የጾም ምግብን "ሲያሚ" ይሉታል፤ የእነሱም ክርስቲያኖች ጿሚዎች ስለሆኑ ባቄላውና ምስሩ እንደልብ ነው። ግን እነሱ በአንዳንዱ ጾም ዓሣ ይበላሉ። አስተናጋጁ በኩራት "ሲያሚ! ሲያሚ!" እያለ የተጠበሰ ዓሣ እናቶች ፊት ሲደረድር የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል። አንዷ እናት ሳህኑን በነጠላቸው ጫፍ ገፍተው "ይሄ የሚያየኝ ዓይን ያለው ሲያሚ ነው እንዴ?" አሉ። ከዚያ በኋላ ሆቴል ስገባ ከመኝታ ክፍሉ በፊት ወጥ ቤቱን ማየት ለመድኩ።

ከሁሉም የምወደው አስዋን አጠገብ ወንዙ ውስጥ ያለችው የፊላ ደሴት ነበረች። በትንሽ ጀልባ ነው የሚገባው። ቤተ መቅደሱ የጣዖት ስለሆነ አንዳንድ እናቶች ደጁ ላይ ያማትቡና "እኛ እዚሁ እንጠብቅ" ይላሉ። ጋሽ ደምሰው አይከራከሩም። ፀሐይ ዘንበል እስክትል ይጠብቁና በእጃቸው ጠቀስ አድርገው ወደ አንድ ዓምድ ይወስዷቸዋል። በቀትር ብትሄጂ ምንም አይታይም። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን ጥንት ክርስቲያኖች ድንጋዩ ላይ የቀረጹት መስቀል ጥላ ይይዝና ብቅ ይላል። እናቶቹ እልል ሲሉ ሌሎቹ ጎብኚዎች ይደነግጣሉ።

እስክንድርያ ግን ለእኔ ከባድ ነበረች። ባሕሩ ዳር ሁሉም ጥንድ ጥንድ ይሆናል፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን ውሃ ያስነካሉ፣ ይሳሳቃሉ። "እትዬ ፀዳለ፣ አንድ ፎቶ አንሺን" ይሉኛል። አነሳቸዋለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንት ሰው ቤት ግድግዳ ላይ እኔ ያነሳሁት ፎቶ ተሰቅሏል፤ እኔ አንዱም ላይ የለሁም። ከዚያ ሲንግል ሩሜ ገብቼ ጸሎቴን አደርሳለሁ። ማዕበሉ እንደ ሰው እግር ኮቴ ነው የሚሰማኝ፤ የሚመጣ ይመስላል፣ ይመለሳል።

ጋሽ ደምሰው ካረፉ በኋላ ግሩፑን ብቻዬን መምራት ጀመርኩ። በሁለተኛው ዓመት ነው እትዬ ዘውዴ የተመዘገቡት።

እትዬ ዘውዴ ሬይኖልድስበርግ ከልጃቸው ከሰላም ጋር የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ነበሩ። ወንዱ ልጃቸው ዮናስ ኩላሊቱ ታሞ ዳያሊሲስ ላይ ከገባ ቆይቷል፤ የሚሰጠው ኩላሊት እስኪገኝ ተራ ይጠብቃል። ኤርፖርት ያደረሳቸው ራሱ ነበር፤ ከስቶ፣ ኮቱ ሰፍቶት፣ እየሳቀ። "እትዬ ፀዳለ፣ ማሚን ፈርዖን እንዳያስቀርብን" አለኝ።

እሳቸው የሚሄዱት ስለት ሊሳሉ ነው። "ቁስቋም ደርሼ ስሙን አስጠራለሁ፤ ኩላሊት ካገኘ በሚመጣው ዓመት ራሱን በእግሩ አመጣዋለሁ" አሉኝ ገና አውሮፕላን ውስጥ። በየደረስንበት ይህንኑ ይላሉ። እስክንድርያ ቅዱስ ማርቆስ ፊት አሉት፤ ፊላ ድንጋዩ ላይ ያለውን መስቀል እየዳበሱ አሉት።

መርከቡ ከአስዋን ሊነሳ ገመድ ሲፈታ ሰላም ኮል አደረገችኝ።

"እትዬ ፀዳለ፣ ማሚ አጠገብሽ ናት?"

"የለችም። ምነው?"

"ዮናስ..." አለችና ድምፅዋ ጠፋ። ጠዋት ለዳያሊሲስ ሊወስዱት ሲመጡ አልጋው ላይ አርፎ አግኝተውታል። "እንዳትነግሪያት። ፕሊስ። ፕሬዠሯን ታውቂያለሽ፤ እዚያ ብትወድቅ ማን ያነሳታል?"

አጎቷ ከአጠገቧ ሆኖ ስልኩን ተቀበላት። "እኅቴ፣ በሰው አገር፣ በመንገድ ላይ መርዶ አይነገርም። ጉዞዋን ትጨርስ፤ ስትመለስ ሰው ተሰብስቦ በቤቷ ትሰማለች።"

"ቀብሩስ?"

"ቅዳሜ ነው። ዘመዱ ከየስቴቱ ዕረፍት ጠይቆ እየመጣ ነው፤ ሰኞ ሁሉም ሥራ ይገባል።"

"እናቱ ሳትቀብረው?"

"ብትኖርም አጠገብ አናስቀርባትም ነበር" አለኝ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። የሚያውቀውን ሥርዓት ነበር የሚነግረኝ፤ እኔም የማውቀው ሥርዓት ነው። እሺ አልኩ። ዞር ስል እትዬ ዘውዴ ከመርከቡ ጫፍ ወደ ውሃው ዘንበል ብለው ጋሽ በላቸው ያስቋቸዋል። ጋሽ በላቸው በዚያም ዓመት መጥተው ነበር፤ "ይሄ ውሃ እኮ የእኛ ነው፤ ታክስ ልናስከፍላቸው ይገባል" ይላሉ።

ያን ቀን ሙሉ ዋሸሁ። "ዮናስን ደውዪልኝ" ሲሉኝ "ወንዙ ላይ ኔትወርክ የለም" እላለሁ፤ ትንሽ ቆይተው አጠገባቸው ያለው ሰው ከልጆቹ ጋር በቪዲዮ ሲያወራ ያያሉ። "የሱ ስልክ ሌላ ነው" እላለሁ። ኮም ኦምቦ ቤተ መቅደስ ስንደርስ የማውቀውን ታሪክ ሁሉ ረስቼ ሰዉን ዝም ብዬ አዞርኩት።

ኤድፉን አልፈን ስንሄድ እትዬ ዘውዴ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። "ፀዳለ፣ ከበዓሉ ቅዳሴ በፊት ለአባ ንገሪልኝ። የዮናስን ስም ከሕሙማኑ ጋር ይጥሩልኝ። አደራ።"

ይህን ጊዜ ነው የጨነቀኝ። ለሰው መዋሸት አንድ ነገር ነው። በመንበሩ ፊት፣ በበዓሉ ቀን፣ ላረፈ ሰው ጤና ማስለመን ግን ሌላ ነው። አብረውን ለሚጓዙት ቄስ ነገርኳቸው። አባ "ያረፈውን እንዳለ አድርጌ አልጠራም። ካልጠራሁ ደግሞ ያውቁብኛል፤ ፊት ለፊቴ ነው የሚቆሙት" አሉ።

ለሰላም መልሼ ደወልኩላት። "እናትሽን ነግሬ ይዤ እመጣለሁ። ቀብሩን እስከ ሰኞ አቆዩት።"

"እትዬ ፀዳለ፣ ኖ!"

"እኔ ባሌ ሲሞት በስልክ ነው የተነገረኝ፤ ብቻዬን ቆሜ። እናትሽ ብቻዋን አትሰማም። እዚህ ሰው አለ።"

ብዙ አለቀሰች። በመጨረሻ "ኦኬ። አጎቴን አናግረዋለሁ" አለች።

ኤስና ላይ ወንዙን የሚያግድ ትልቅ የብረት በር አለ። መርከብ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከኋላው ይዘጋበታል፣ ውሃው ይጎድላል፤ መርከቡ እንደ ሊፍት ቀስ ብሎ ይወርድና ከፊት ያለው በር ይከፈትለታል። ተራ የሚጠብቁ መርከቦች ይሰለፋሉ። እኛም ተሰልፈን አደርን። ማለዳ፣ ተራችን ሳይደርስ፣ ሰዎቹን የላይኛው ፎቅ ላይ ሰበሰብኳቸው። አባ ሊናገሩ፣ ጋሽ በላቸው ከጀርባ ሊደግፉ፣ ሁለት እናቶች በግራና በቀኝ፣ እኔ ውሃ ይዤ። ነጠላችንን ገና አላዘቀዘቅንም። ዘመድ የላቸውምና ዘመድ ሆንን።

እትዬ ዘውዴ ደረጃውን ወጥተው ብቅ ሲሉ ቆመን አዩን። አንድ በአንድ አዩን። የጋሽ በላቸው ፊት ላይ ሳቅ እንደሌለ ሲያዩ "ማን ነው?" አሉ።

አባ ጀመሩ። አልጨረሱም። እኔ ነኝ ቃሉን ያወጣሁት። "እትዬ ዘውዴ፣ ዮናስ አረፈ።"

በዚያው ቅጽበት መርከቡ ተንቀሳቀሰ። ተራችን ደርሶ ኖሯል። ሞተሩ ጮኸ፣ የበሩ ብረት ተንሿሿ፣ ከታች በትናንሽ ጀልባ ጨርቅ የሚሸጡ ሰዎች "ማዳም! ማዳም!" እያሉ ወደ ላይ ይጣራሉ። እትዬ ዘውዴ አላለቀሱም። እጃቸውን ሰጡን፤ ይዘናቸው ተቀመጡ። መርከቡ በሁለቱ ግንቦች መካከል ሲወርድ ሰማዩ እየጠበበ ሄደ፤ እሳቸው እርጥቡን ግንብ ያያሉ። በሩ ሲከፈት ያሉት አንድ ነገር ነው፤ "ቁስቋም ሳልደርስ?"

ግሩፑን ለአባ አደራ ብዬ ከኤስና በመኪና ወደ ሉክሶር፣ ከሉክሶር ወደ ካይሮ በረርን። ከካይሮ ኒው ዮርክ። እትዬ ዘውዴ መንገዱን ሁሉ እጄን አልለቀቁም። ኒው ዮርክ ስንደርስ ጭጋግ ወርዶ የኮለምበሱ በረራ ተሰርዟል። ሰላም ስልክ አታነሳም። ያገኘነውን በረራ ይዘን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ኮለምበስ ደረስን።

ቀብሩ ጠዋት ተፈጽሟል። ከየስቴቱ የመጣው ዘመድ መመለሻ ትኬቱ እሑድ ነበረ፤ አጎትየው "ይህን ሁሉ ሰው መልሼ አላመጣውም" ብሎ ቆርጧል። ሰላም ኤርፖርት ላይ እናቷን አቅፋ በትከሻዋ በኩል አየችኝ። "አይ ቶልድ ዩ፣ እትዬ ፀዳለ" አለችኝ። "አይ ቶልድ ዩ።"

እትዬ ዘውዴ ቤት አልገባም አሉ። "ያለበት ውሰዱኝ።" ወሰድናቸው። እዚህ አገር መካነ መቃብር ሲመሽ በሩ ይቆለፋል፤ ተቆልፎ ደረስን። ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ከወዲያ አዲስ አፈርና አበባ ይታያል፤ የእሱ ይሁን የሌላ ሰው አናውቅም። ያኔ ነው እኔን ያነጋገሩኝ።

"ለምን ነገርሽኝ?"

"እንዲደርሱ ብዬ ነው።"

"አልደረስኩም።"

"አልደረሱም።"

"ወንዙ ላይ ልጄ አልሞተም ነበር" አሉ። "ትተሽኝ ቢሆን ቁስቋም ድረስ በሕይወት ነበረ። እዚያም አጣሁት፣ እዚህም አጣሁት።"

ብርድ ነበርና ነጠላዬን ደረብኩላቸው።

ለቅሶ ቤት ከሰው ጋር ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ፊታቸውን አዞሩ። አርባውም ሙት ዓመቱም እንዲሁ። በቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቆመን ስናስቀድስ ከፊቴ ናቸው፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ሁሉን እየሳሙ ይመጡና እኔ ጋ ሲደርሱ ያልፉኛል። ጥፋተኛ ነሽ ያለኝ ሰው የለም፤ አይዞሽ ያለኝም የለም። ቤቴ ገብቼ ከማን ጋር እማከራለሁ? መንገሬ ይሻል ነበር፣ አለመንገሬ ይሻል ነበር፣ እያልኩ ስሙን ብቻ በጸሎቴ አነሳለሁ።

ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ የመጨረሻዬን ጉዞ አሳወቅኩ። ሰላም ደወለች። "ማሚ መሄድ ትፈልጋለች" አለችኝ።

"ከእኔ ጋር?"

"እኔም ጠየቅኳት። 'ሌላ መንገድ የሚያውቅ ማን አለ?' አለችኝ።"

እስክንድርያ አላናገሩኝም። አስዋንም አላናገሩኝም። ኤስና መርከቡ ወደ በሩ ሲገባ ክፍላቸው ነበሩ፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፣ አልወጡም። በአውቶቡስ "ጎረቤታችሁ አለ?" ስል ድምፃቸው ከሌሎቹ ጋር ይሰማኛል፤ "አለ።" እሱ ብቻ።

ቁስቋም በዋዜማው ገባን። ለበዓሉ ከየመንደሩ የመጣ ሰው ግቢውን ሞልቶታል፤ ጥቁር የለበሱ የገጠር እናቶች ከነልጆቻቸው ግንቡ ሥር ሰፍረዋል። ቅዳሴው ጠዋት ሲያበቃ ጾሙ ተፈቷልና ግሩፑ ሊቀምስ ሄደ። እኔ ሻንጣ ሳስጭን ከኋላዬ "ፀዳለ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ዘውዴ የድንጋይ መደብ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

"ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ።

"ያን ቀን የነገርሽኝን አልሰማሁትም" አሉ። "ስሙን ስትጠሪ ሰማሁ፤ ከዚያ ያ ብረት ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ የሚያወራኝ እንደሰማሁ አድርጎ ነው። የነገረኝ ሰው የለም። አሁን ንገሪኝ።"

"ሰው ልጥራ? አባን ልጥራ?"

"አትጥሪ። አንቺ ንገሪኝ፤ ከመጀመሪያው።"

ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ሰላም መርከቡ ሲነሳ እንደ ደወለች፤ ዮናስ አልጋው ላይ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ እንደተገኘ፤ ብርድ ልብሱ እንኳ እንዳልተገላበጠ፤ ቀን ሙሉ እንደዋሸኋቸው፤ ለምን ልነግራቸው እንደቆረጥኩ፤ ጭጋጉን፤ የተቆለፈውን በር። እንደማያውቁ ሆነው አዳመጡኝ። "ከዚያስ?" ይሉኛል ስቆም። መጨረሻ ላይ ምንም ሳይቀረኝ "እትዬ ዘውዴ፣ ዮናስ አረፈ" አልኩ።

ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከዚያ ጮኹ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያች ከደቃቃ ሴት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። "ዮናስዬ!" እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ ግቢው በሙሉ ዞረ። ግንቡ ሥር ከነበሩት የገጠር እናቶች አንዷ ተነስታ መጣች፤ ሌላዋ ተከተለች፤ ከዚያ ብዙ ሆኑ። ቋንቋችንን አያውቁም፣ ማንነታችንን አያውቁም። መሬቱ ላይ ከበውን ተቀመጡና ከእሳቸው ጋር ማልቀስ ጀመሩ። አንዷ ውሃ አመጣች፤ አንዷ ከጀርባቸው ደገፈቻቸው። እኔ ከጋሽ ደምሰው የለቀምኳት ትንሽ ዐረብኛ ነበረችኝ፤ ትልቋ ወደ እኔ ዘንበል ብላ "ማን ነው?" አለችኝ።

"ልጇ ነው። ዮናስ።"

ለሌሎቹ ነገረቻቸው። ስሙን በራሳቸው አፍ እየተቀባበሉ ጠሩት። እትዬ ዘውዴ የልጃቸውን ስም ከማያውቁት ሰው ሁሉ አፍ ሲሰሙ ክንዴን ይዘው ወደ እኔ ተደገፉ፤ ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ፤ ለእሱም፣ ኦቤትስ ላይ "ታንክ ዩ" ብዬ ላለፍኩት ባሌም።

ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ካይሮ ሩቅ ነው፤ በዚያ ሥራ ላይ እያለሁ አውቶቡስ አስጠብቄ አላውቅም ነበር። ጋሽ በላቸው ከወዲያ "እትዬ ፀዳለ፣ እንሂድ ይላል!" ብለው ተጣሩ።

"ይጠብቅ" አልኳቸው።